ፋይሉ ተቀምጧል ወይ ብዬ የጠየቅሁ ቀን

እኔ ቢሮ የገባሁት በር ተሳስቼ ነው። ሰው ተምሮ፣ ተወዳድሮ፣ አማላጅ ልኮ የሚገባበትን የእንጅባራ ከተማ አስተዳደር ግቢ እኔ የረገጥሁት ገመድ ለማድረስ ነበር። ገመዱን አድርሼ ልመለስ ያልኩ ሰውዬ ይኸው በቅርቡ የጡረታ ደብዳቤ ይዤ ወጣሁ። ሰው ግን እስካሁን መንገድ ላይ ያስቆመኛል። «ጋሽ ሞላ፣ ኮምፒውተሬ ቀዘቀዘብኝ» ይለኛል። እንጅባራ ላይ የማይቀዘቅዝ ምን አለ ብዬ አልፋለሁ።

ከዚያ በፊት ነጋዴ ነበርኩ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። መጀመሪያ ሬዲዮና የባትሪ ድንጋይ፣ በኋላ ሞባይል እሸጥና እጠግን ነበር። በገበያ ቀን እቃዬን ሚኒባስ ላይ ጭኜ አዲስ ቅዳም ከተማ፣ አንዳንዴም ዳንግላ ድረስ እሄዳለሁ። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያስተማረኝ ደንበኛ ነው። ሬዲዮ ይዞ የመጣ ገበሬ «አልናገር አለኝ» ሲልህ መፍቻ አታነሣም። መጀመሪያ «ማን ነካው?» ትለዋለህ። «ማንም አልነካው» ይልሃል። «ቤት ውስጥ ልጆች አሉ?» ስትለው ይስቃል። ያኔ ግማሹ ጥገና አልቋል።

አቶ ጥላሁን የአስተዳደሩ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ዳንግላ ያደጉ፣ አማርኛውንም አዊኛውንም እኩል የሚያወሩ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው። አንድ ቀን ሱቄ መጥተው አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ አነሡ።

«ይህን በስንት ትሰጠኛለህ?»

«ለመንግሥት ነው ለራስዎ?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ለመንግሥት ከሆነ ደረሰኝ ስለሚፈልጉ ይወደዳል። ለራስዎ ከሆነ ስለሚከራከሩኝ ይወደዳል።»

ሳቁ፣ ግን አልሄዱም። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ከአንድ ሽማግሌ ጋር በሬዲዮ ጉዳይ ስነጋገር ቆይተው አዩኝ። በማግስቱ ገመዱን ቢሮ ሳደርስላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ዲግሪ ያለው ሰው አለኝ። የሚያዳምጥ ሰው ነው ያጣሁት። የጥገና ሠራተኛ ማስታወቂያ ሊወጣ ነው፤ ተመዝገብ።» ተመዘገብኩ። ደመወዙ ከሱቄ ያንስ ነበር፤ ግን ዝናብ አይመታውም።

ሥራችን በወረቀት ሲጻፍ ረጅም ስም አለው። በአጭሩ ግን የአስተዳደሩ ሠራተኛ ሁሉ ማሽኑ ሲያስቸግረው የሚጠራን ሰዎች ነን። መሬት ክፍል፣ ገቢዎች፣ መዝገብ ቤት፣ ቀበሌዎቹ ሁሉ ይጠሩናል። ሲበላሽ ነው የሚያውቁን። ሲሠራ ሰላምታም አይሰጡንም።

አቶ ጥላሁን አንድ ልማድ ነበራቸው። ጠሪው «አልበራ አለኝ» ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን ያያሉ። ከአሥሩ ጥሪ ብዙው ሶኬት ነው፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ስትጠርግ ትነቅለዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን «አልሰካሽውም እኮ!» ብሎ ቢሮውን ያስቃል። እሳቸው ግን እስኪርቢቶ እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ ይሉና ዝም ብለው ይሰኩታል። ማሽኑ ሲበራ ስክሪኑን ሁለት ደቂቃ ያህል ፊታቸውን አጨፍግገው ያያሉ፤ አንድ ሁለት ቁልፍም ይነካሉ። ከዚያ «ማሽኑ ነው ያጠፋው፤ አሁን ተስተካክሏል» ይላሉ።

መጀመሪያ ጊዜ ሳይ ግራ ገባኝ። «ያን ሁሉ ምን ሲያዩ ነበር?» አልኳቸው ስንወጣ።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ያቺ ልጅ ነገም ሲበላሽባት እንድትጠራን ነው። ያፈረ ሰው ደብቆ ያበላሸዋል እንጂ አይጠራህም።»

ይህን ትምህርት ቤት አያስተምሩትም። ገበያ ግን ያስተምራል፤ ደንበኛን ካሳፈርከው የሚቀጥለውን እቃ ከጎረቤትህ ነው የሚገዛው።

የሚያስቅ ነገርም አላጣንም። የድሮው የአማርኛ ፊደል ከአዲሱ ጋር አይግባባም ነበር። በአንዱ ማሽን የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በፍላሽ መጣና ታተመ። ገጹ ላይ ከቁጥርና ከሳጥን በቀር አንዳች የለም። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሦስት ቢሮ ዞሮ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ጥግ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብሏል። ሁለተኛው «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» ብሏል። ሦስተኛው ከሁሉም በለጠ፤ «ተፈጽሟል» ብሎ ፈርሞበታል። ፊደሉን አስተካክዬ ሳነበው የስብሰባ ጥሪ ነው። ስብሰባው አልፏል።

አንድ ክረምት ደግሞ በውሰት ዳንግላ ሄጄ ሠራሁ። እዚያ አንድ ኃላፊ በየዓመቱ መስከረም ላይ ማሽናቸው ይቆለፍባቸዋል። «የአዲስ ዓመት በሽታ ነው» ይላሉ ሠራተኞቹ። ሄጄ ብጠይቃቸው የይለፍ ቃላቸውን የሚጽፉት ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር ጀርባ ነው። ጳጉሜን ሲያልቅ ካሌንደሩ ይቀየራል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮ ምድጃ ይገባል። ግድግዳው ራሱ ላይ በእርሳስ ጻፍኩላቸው። የደህንነት መመሪያው ይህን አይፈቅድም፤ በሽታው ግን ዳነ።

አሁን ወደማልኮራበት ልምጣ።

መዝገብ ቤት ውስጥ እትዬ ዓለምነሽ ነበሩ። ከታይፕ ዘመን ጀምሮ እዚያው ክፍል የሠሩ፣ በየመደርደሪያው ያለውን የይዞታ ማህደር እንደ ልጆቻቸው የሚያውቁ ሴት። ሰው ገብቶ የአባቱን ስም ሲጠራ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ፣ ጀርባው የተቀደደው» ይላሉ። ኋላ ግን አዲስ የሠራተኛ ምደባ መጣ። በኮምፒውተር መሥራት የማይችል መዝገብ ቤት አይቀመጥም ተባለ። እትዬ ዓለምን በር ላይ እንግዳ መዝጋቢ ሊያደርጓቸው ነው የሚል ወሬም ተሰማ። እሳቸው ወሬውን ሰምተው አላለቀሱም። ማሽኑን አስነሡና የማህደሩን ሁሉ ማውጫ መጻፍ ጀመሩ፤ የባለይዞታው ስም፣ ቀበሌው፣ መደርደሪያው። በአንድ ጣት፣ አራት ወር። ምደባውን የሚወስነው ኮሚቴ ሲመጣ ማውጫውን ሊያሳዩትና ወንበራቸውን ሊያስከብሩ።

ኮሚቴው ሊመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእትዬ ዓለም ማሽን ከሰው ፍላሽ ቫይረስ ያዘውና ተንቀራፈፈ። እኔ ተጠራሁ። አየሁት፤ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ከመጫን በቀር መላ የለውም። እንደ ደንቡ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ፋይሉ ተቀምጧል?»

«ተቀምጧል ሞልዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። በየቀበሌው ለይቼ፣ ደርድሬ ነው ያስቀመጥኩት።»

በየቀበሌው የተለየ ፎልደር በፍላሽ! ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው። ማሽኑን ፎርማት አደረግሁት። እስከ እኩለ ቀን ጨርሼ ስክሪኑን እንኳ በጨርቅ ወለወልኩላቸው።

ከምሳ መልስ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ሞልዬ፣ ስሞቼስ?»

«የትኞቹ ስሞች?»

«የጻፍኳቸው ናቸዋ!»

«አስቀምጫለሁ አላሉኝም እትዬ?»

«አዎ፣ አስቀምጫለሁ!» አሉና ክንዳቸውን ወደ መደርደሪያዎቹ ዘረጉ። «ፋይሎቹ ያውና! አንድ እንኳ የጎደለ የለም!»

መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ማለት ወረቀት ነው። እሱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እሳቸው በዚያ ቃል ስንት ዓመት ሲኖሩ እኔ ግን በማሽኑ ቋንቋ ጠየቅሁና በመዝገብ ቤት ቋንቋ ተመለሰልኝ። «ያሳዩኝ» ብል ኖሮ ጣታቸውን ወደ መደርደሪያው ሲቀስሩ እጄን ከማሽኑ ላይ አነሣ ነበር። ገበያ ላይ አይቶ እንጂ ሰምቶ የማይገዛ ሰው ቢሮ ገባና ሰምቶ ገዛ።

ለእትዬ ዓለም «ይቆዩ ላየው» ብዬ ወጣሁና አቶ ጥላሁን ዘንድ ሮጥኩ። ነገርኳቸው። ከዚያ ያፈረ ሰው የሚለውን አልኩ፦ «ማሽኑ ነው ያጠፋው እንበላቸው?»

አቶ ጥላሁን ቀና አሉ። «እሱ የሠራተኛው ነው። ሠራተኛው ሲያጠፋ ማሽኑ አጠፋ እንላለን። እኛ ስናጠፋ ግን አጥፊው እኛው ነን። ሂድና ንገራቸው።»

ሄጄ ነገርኳቸው። እትዬ ዓለም መነጽራቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መስኮቱን አዩ።

«አራት ወር ነው፣ ሞላ» አሉ።

ሌላ ጊዜ ሞልዬ ነበር የሚሉኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋውን የሚያወጣ ፕሮግራም እያስሮጥን ደከምን። የወጣው ግማሽ ግማሽ ስምና ከእሳቸው በፊት ማሽኑን የያዘ ሰው የረሳው የሠርግ ፎቶ ነው። ሙሽሮቹን ማንም አላወቃቸውም። በሦስተኛው ቀን ወንበር ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ።

«እኔ ከማህደሩ ስሙን ላንብብ፤ እርስዎ ይጻፉ» አልኳቸው።

«በአራት ወር ያለቀውን በሁለት ሳምንት?»

«ቢያንስ አብረን እንድንባረር ነው።»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ጀመርን። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው በአንዲት ሌባ ጣት ይፈልጋሉ። «መ... ኤም የታለች... እ፣ እቺ ነች» ይላሉ። ለአንድ ስም የሚፈጀው ጊዜ ሬዲዮ ፈትቶ ይገጥማል።

ነጋዴ የሰው ፊት ሳይሆን እጅ ነው የሚያየው። ፊት ይዋሻል። እጃቸውን ሳይ አንዲቷ ጣት ስትፈልግ የቀሩት ዘጠኙ ዝም አላሉም። አየር ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሌላ ቦታ ይረግጣሉ።

«እትዬ፣ ይህ ጣትዎ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የቱ?» እጃቸውን አዩ። እንደ ማፈር አሉ። «ተወው ባክህ። ወደ ‹መ› ነው። ታይፕ ላይ ‹መ› እዚህ ነበረች።»

«ታይፑን ስንት ዓመት መቱ?»

«ኧረ ተወኝ! ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሰው እያወራኝ፣ ደብዳቤ እጨርስ ነበር እኮ። የዞን ሰዎች ሊያዩኝ ይመጡ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? የኮምፒውተር ሥልጠናው ላይ ‹ታይፑን እርሱት› አላችሁን። እኔም ረስቻለሁ አልኩ። እጄ ግን አልሰማም።»

እርሱት ያልኩት እኔ ነበርኩ። ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ማርከር ይዤ።

አቶ ጥላሁንን ጠራሁ። የቁልፎቹን ቦታ እንደሚፈልጉት መቀየር እንደሚቻል ያውቁ ነበር፤ ኮምፒውተር ቁልፉ ላይ የተጻፈውን አያነብም፣ የተባለውን ነው የሚያወጣ። ችግሩ የታይፑ ቁልፎች የት የት እንደነበሩ ማወቅ ነው። የድሮው ታይፕ ከመጋዘን ከወጣ ቆይቷል። ወረቀት ሰጥተን «ይሳሉልን» ብንላቸው እትዬ ዓለም ሦስት ፊደል ስለው ቆሙ።

«አላስታውስም። ጠፋኝ።»

አቶ ጥላሁን ትንሽ አሰቡና «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ለዞን» አሉ።

እትዬ ዓለም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚመቱትን ፊደል እየጠሩ በባዶው ጠረጴዛ ላይ መምታት ጀመሩ። በጠመኔ የተሠመረ የቁልፍ ሥዕል ከጣታቸው ሥር አድርገን ነበር። ጣቱ ያረፈበትን እኔ እጽፋለሁ። «ለ» እዚህ፣ «በ» እዚህ። ታይፑ ላይ ፊደሉ መጀመሪያ ይመታና ጭረቱ ወይም ቀለበቱ በሌላ ቁልፍ ይቀጠልበታል፤ ያንንም ያዝን። አእምሯቸው የጠፋበትን እጃቸው አንድ በአንድ አወጣው። አቶ ጥላሁን ሁለት ቀን ሠርተው ወደ ማሽኑ አስገቡት። አሁን ቁልፉ ላይ የተጻፈውና ስክሪኑ ላይ የሚወጣው አይተዋወቁም።

እትዬ ዓለም ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ስም አነበብኩ። ሳልጨርስ ጻፉት።

«ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በድምፅ ነው የማስታውሰው። የእንጅባራ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከጎረቤት ቢሮ «ምን ተደርምሶ ነው?» ብለው ሰዎች መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩ። በሁለተኛው ቀን ድምፄ ተዘጋና አቶ ጥላሁን ተኩኝ፤ እሳቸው ሲደክሙ የመሬት ክፍል ሰዎች ተራ ገቡ። እኛ አምስታችን ስናነብ እሳቸው ብቻቸውን አደከሙን።

ያስቸገርናቸው በፊደል ነው።

«ኃይሉ።»

«በየትኛው ‹ሀ›?»

«እንዴት በየትኛው?»

«ሃሌታው ነው፣ ሐመሩ ነው፣ ብዙኃኑ?»

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ‹ሀ› አንድ ነው።»

«እሱማ ከንባብህ ያስታውቃል። ማህደሩን አዙረህ አሳየኝ!»

በዘጠኝ የሥራ ቀን አለቀ። በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል «ሞልዬ፣ ውሃ አቀብለኝ» አሉኝ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልቼ አመጣሁ። ማውጫውን ደግሞ በሁለት ፍላሽና በአቶ ጥላሁን ማሽን ላይ አስቀመጥነው፤ የት እንዳለ እያንዳንዱን በዓይኔ አይቼ።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ኮት የደረበ ፈጣን ሰው ነው። «እስቲ የአባቴን ማህደር ልፈልግ» ብሎ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ስም መታ። ስክሪኑ ላይ የወጣው በየትኛውም ቋንቋ ስም አይደለም። ደገመ፤ ባሰበት።

«ይህ ማሽን ተበላሽቷል! የመረጃ ቴክኖሎጂ የት አለ?»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዓለም ቀደሙኝ።

«አልተበላሸም ጌታዬ። እንግዳ ሆነውበት ነው። ይነሡልኝ።»

ተነሣ። ተቀመጡ። «የአባትዎን ስም?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ነገራቸው። ከጣራው ላይ እፍኝ በረዶ የወረደ መሰለ። «አራተኛው መደርደሪያ፣ ሁለተኛው ረድፍ» አሉ። ሄዶ አወጣው። ሌላ ስም ጠራ፤ ሌላም። ከኮሚቴው አንዷ ሴትዮ ጥያቄውን ትታ ጣታቸውን ብቻ ታይ ነበር።

ምደባው ሲለጠፍ አብሬያቸው ሄድኩ። ስማቸው መዝገብ ቤት ሥር አለ። እኔ ልጮህ ስል እሳቸው መነጽራቸውን አስጠግተው ፊታቸውን ቋጠሩ።

«በአልፋው ‹አ› ነው የጻፉኝ። እኔ በዓይኑ ‹ዐ› ነኝ።»

«እትዬ!»

«ይህ እኔ ላልሆን እችላለሁ እኮ። ቅሬታ ላቅርብ?»

«እትዬ ዓለም፣ በእግዜር ዝም ይበሉ!»

ሳቃቸው ከሰሌዳው እስከ ግቢው በር ድረስ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ «ፋይሉ ተቀምጧል?» ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። «ያሳዩኝ» እላለሁ። አዲስ ሠራተኛም ሲመጣ ከማሽኑ በፊት «እስካሁን በምን ነበር የምትሠራው?» ብለን እንጠይቀዋለን፤ አቶ ጥላሁን ወደ ዞን ከመዛወራቸው በፊት ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በክፍላችን ቅጽም ላይ አስገብተውታል።

እትዬ ዓለም እዚያው ወንበር ላይ ቆይተው በክብር ጡረታ ወጡ። የወጡ ቀን የንብረት ክፍል ሰው እቃቸውን ሊረከብ መጣ፤ እኔ ለምስክር ቆምኩ። ማሽኑን አበራ፣ ቁልፉን መታ፣ ግራ ተጋባ፣ ደግሞ መታ። ከዚያ ርክክቡ ላይ «የተበላሸ» ብሎ ጻፈ።

እስኪርቢቶውን ተቀበልኩትና ሠረዝኩት። ከበላዩ «ይሠራል፤ የሚችልበት ሰው ጡረታ ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

«ጋሽ ሞላ፣ እንዲህ የሚል ምድብ ቅጹ ላይ የለም» አለኝ።

እትዬ ዓለም ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ዞር አሉና «ያስገቡት!» አሉት።